የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት በጤና ጣቢያዎች፤ ከከፋ አንጻር ሲመረመር

በአገራችን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሳልና ትኩሳት የማይገባበት ቤት የለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሕመም ምን ያህሉ ተራ ጉንፋን፣ ምን ያህሉስ ኢንፍሉዌንዛ እንደ ሆነ ለመለየት ሥርዓት ያለው ሥራ የተጀመረው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ሲሆን ሥራውን የጀመረው በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያን ሥራ ለመንቀፍ ሳይሆን ለመመርመር ነው። ለመመርመሪያ የመረጥነው ደግሞ የምናውቀውን አገር፣ ቦንጋንና የከፋን ገጠር ነው። የክርክራችን ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። በጥቂት የከተማ ሕክምና ቤቶች ላይ የተመሠረተ ቅኝት ቫይረሱን ያሳውቃል፤ ሕመሙ በሕዝቡ መካከል ምን ያህል እንደ ሆነ ግን አያሳውቅም። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ ነው።

፩. የኅዳር በሽታ ያስተማረን

በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918፣ አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» ይባላል። በዓለም ዙሪያ የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ያው በሽታ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በብርቱ ታመው ድነዋል። በከተማውና በአካባቢው የሞተው ሰው እስከ አሥር ሺህ እንደሚደርስ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን «እስከ አሥር ሺህ» የሚለው አነጋገር ራሱ ነው። ይህ ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሙታንን መዝግቦ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ቀባሪ እንኳ የጠፋበት ጊዜ ነበርና። ሕዝቡ ያን መከራ እስከ አሁን ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ በማቃጠል ያስበዋል፤ ልማዱም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጢሱ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ፤ ቁጥሩ ግን አልቀረልንም። ያውም ይህ የዋና ከተማው ነገር ነው። ከዋና ከተማው ርቆ ያለው ሕዝብ በመታሰቢያው ታሪክ ውስጥ የያዘው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

ከዚያ ኅዳር እስከ ቅኝቱ መጀመሪያ ድረስ ልክ 90 ዓመት አልፏል። መዘግየቱ ቢያሳዝንም ሥራው በከንቱ እንዳልተጀመረ ወዲያው ታየ። ቅኝቱ በተጀመረ በሰባተኛው ወር ገደማ፣ በጁን 2009፣ በዚያ ዓመት በዓለም የተሠራጨው አዲስ ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን ተገኘ። በ2020 መጀመሪያ ላይም የኮሮና ቫይረስ ተጠርጣሪዎች ናሙና በመጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንጂ፣ ብዙ ሳይቆይ ምርመራው በአገር ውስጥ መሠራት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ በማርች 13 ቀን 2020 የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ የአገሪቱ ላቦራቶሪ ባዶ እጁን አልነበረም። ይህንን ምስጋና አስቀድመን ሳንሰጥ ወደ ትችቱ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም።

፪. ዘዴው ከወዴት መጣ

በሐኪም ቤት በኩል ኢንፍሉዌንዛን መከታተል የእንግሊዝ አገር የሠፈር ሐኪሞች ያዳበሩት ዘዴ ነው። የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጃቸው የዚህን ዓይነት ጥናት ክፍል ያቋቋመው የእስያ ኢንፍሉዌንዛ በተነሣበት በ1957 ሲሆን፣ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ፈቃደኛ ሐኪሞች ያዩትን ሕመም በየሳምንቱ እየቆጠሩ ይልኩለታል። በሳምንቱ መጨረሻ የሚወጣው ውጤት «ከመቶ ሺህ ሰው ውስጥ ይህን ያህሉ በኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም ወደ ሐኪሙ መጣ» የሚል ነው።

ይህን ቃል ለመናገር የቻሉት ስለ ምን ነው? ሐኪሞቻቸው ከእኛ ስለሚበልጡ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ሰው፣ ጤነኛውም ጭምር፣ በአንድ ሐኪም መዝገብ ላይ ስሙ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ሐኪሙ የታመሙትን ብቻ ሳይሆን ያልታመሙትንም ያውቃል። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 የራሳቸውን የቅኝት መረብ ሲዘረጉ ይህን የመሰለ መዝገብ ስላልነበራቸው፣ ተሳታፊዎቹ ሐኪሞች ከአገሩ ሐኪሞች ሁሉ ስንት እጅ እንደ ሆኑ እያሰሉ ወደ ጠቅላላው ሕዝብ የሚያደርስ ሌላ መንገድ አበጁ። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ እርሱም «ከስንት ሰው ውስጥ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ለማስረዳት ይፈቀድልን። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን በአንድ ክረምት ጉንፋን ገብቶ ነበር። የአዳሪ ቤቱ ኀላፊ ሐኪም አልነበሩም፤ ነገር ግን በየማለዳው ማዕድ ሲቀርብ ባዶ የቀሩትን መቀመጫዎች ይቆጥሩ ነበር። መቀመጫው ስንት እንደ ሆነ አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ ከተማሪው ስንተኛው እጅ እንደ ተኛ፣ ከትናንትና ዛሬ የትኛው እንደሚብስ በአንድ ዐይን እይታ ያውቁት ነበር። በዚያው ሰሞን ወደ መንደሩ ክሊኒክ ብቅ ብሎ የነበረ ሰው ግን ወረፋ የያዙትን ጥቂት ልጆች ብቻ አይቶ ይመለስ ነበር። የታማሚውን ቁጥር ሁለቱም ይዘዋል፤ ከፋዩን የያዙት ግን የማዕዱ ተቆጣጣሪ ብቻ ናቸው። ከፋዩ የሌለው ቁጥር ስንት ሰው እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ በሽታው ስለ መስፋቱ አይናገርም።

፫. የመጀመሪያው መግለጫ ሲነበብ

አሁን ወደ አገራችን ቅኝት እንመለስ። ከኖቬምበር 2008 እስከ ኦክቶበር 2010 ድረስ በአዲስ አበባ ባሉ 5 የሕክምና ቦታዎች ለኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም ወይም ለከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም የተሰጠውን መግለጫ አሟልተው የተመዘገቡት 176 ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም 131ዱ፣ ማለት ከመቶ 74ቱ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ኢንፍሉዌንዛ የተገኘባቸው ደግሞ 12 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከመቶ 7 ያህል ነው።

አንድ አንባቢ ይህን አይቶ «እንግዲያስ ኢንፍሉዌንዛ በኢትዮጵያ ትንሽ ነው» ብሎ ቢደመድም ስሕተቱ ቀላል አይሆንም። በመጀመሪያ 176ን ለ24 ወራት እናካፍል። በወር ከ7 ሰው እምብዛም አይበልጥም። 5ቱም ቦታዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠርተው ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ በወር የሚደርሰው ከሁለት ሰው ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ በክረምት ወራት በአንድ ጤና ጣቢያ ደጅ የተቀመጠ ሰው፣ በአንድ ቀን ጧት ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ሳል መስማቱ አይቀርም። ስለዚህ ትንሽ የሆነው በሽታው አይደለም፤ ትንሽ የሆነው የተመዘገበው ነው።

ሁለተኛም የተመዘገቡት እነማን እንደ ሆኑ እንመልከት። ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይዟቸው ከተመዘገቡት 109ኙ፣ ማለት ከመቶ 93ቱ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሲሆኑ ኢንፍሉዌንዛ የተገኘባቸው 3 ብቻ ናቸው። እነዚህን ስንቀንስ 67 ሰዎች ይቀሩናል፤ በእነዚህም ላይ 9 ኢንፍሉዌንዛ ተገኝቷል። ይህም ከመቶ 13 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ትልቅ ቤት መሥራት አይገባም። ነገር ግን ቅኝቱ አብዝቶ የፈለገው በሽታው ባነሰበት ወገን እንደ ነበረ፣ በሽታው በበዛበት ወገን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ እንደ ታየ ለመጠርጠር በቂ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እናት ልጅዋ ሲተነፍስ ሲያቃስት አዝላ ትሮጣለች፤ ራስዋ ብትታመም ግን ነጠላዋን ተከናንባ ሥራዋን ትሠራለች።

ጸሐፊዎቹ ድካማቸውን አልሸሸጉም፤ ይህም ያስመሰግናቸዋል። የጤና ሠራተኞች ስለ ኢንፍሉዌንዛ ያላቸው ግንዛቤ ማነሱን፣ የሕመሙ መግለጫ በትክክል አለመታወቁን፣ የሰው ኀይልም አለመብቃቱን ገልጸው፣ ብዙ ሕመምተኛ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል አምነዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሦስቱም ምክንያቶች ከጤና ጣቢያው በር ወደ ውስጥ ያሉ ናቸው። የእኛ ጥያቄ ከበሩ ወደ ውጭ ያለውን ይመለከታል። ሠራተኞቹ ሁሉ በደንብ ቢሠለጥኑ፣ ቁጥራቸውም ቢበዛ፣ ወደ በሩ ያልመጣውን ሰው ማን ይቆጥረዋል?

ከዚያ ወዲህ የቅኝት ቦታዎች ከአዲስ አበባ ውጭ ወደ ሌሎች ከተሞች መድረሳቸው የታወቀ ነው። የቦታዎቹ መብዛት መልካም ነው፤ የከፋዩን ነገር ግን አይለውጠውም።

፬. ዘዴው ወደ ከፋ ሲወርድ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከፋ ዞን ሕዝብ ከ870 ሺህ በላይ ነበር፤ ከአሥሩም ዘጠኙ በገጠር የሚኖር ነው። አገሩ ደን ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ዝናቡም ከዓመት እስከ ዓመት እምብዛም አያቋርጥም። ዘዴው በዚህ አገር ሲሞከር ቢያንስ አራት እንቅፋት ያገኘዋል።

የመጀመሪያው የመንገድ ነገር ነው። በክረምት ጭቃው ሲበረታ፣ ወንዙም ሲሞላ፣ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ሰው በአንድ ቤት እሳት ዙሪያ ተሰብስቦ የሚውለው ደግሞ በዚያው በክረምት ነው። ስለዚህ በሽታው ሊጨምር በሚችልበት ወር የመዝገቡ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። በገበያ ቀን ደግሞ ቁጥሩ በድንገት ከፍ ይላል፤ ይህም በሽታ ስለ በዛ ሳይሆን ሰው ጨውና ሳሙና ሊገዛ በወጣበት መንገድ ሕክምናውንም ስለሚያደርስ ነው። በመዝገብ ላይ የምናየው መውጣትና መውረድ እንግዲህ የበሽታ ወቅት ነው ወይስ የጭቃና የገበያ ወቅት?

ሁለተኛው የቡና ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ለሥራ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ በአንድ ጎጆም ብዙዎች ተጨናንቀው ያድራሉ። ለተላላፊ በሽታ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ለሳል ብሎ የቀን ገቢውን አይተውም። ከታመመም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በዚያም ቢታከም በሌላ ወረዳ መዝገብ ይጻፋል።

ሦስተኛው የስም ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም የሰጠው መግለጫ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ከሳል ጋር፣ ከጀመረውም 10 ቀን ያላለፈው የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ ግን «ጉንፋን» የሚለው ቃል ከአፍንጫ መታፈን ጀምሮ ሰውን አልጋ ላይ እስከሚጥለው ኢንፍሉዌንዛ ድረስ ሁሉን ይይዛል። ትኩሳቱ ከብዶ ከንፈርን ሲያቆስል ደግሞ ስሙ ተለውጦ «ምች» ይሆናል። መድኃኒቱም እንደ ስሙ ነው፤ ለጉንፋን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ለምች ዳማ ከሴ። ሁለቱም ስሞች ሕመሙን የቤት ሕመም ያደርጉታል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በቦንጋ አቅራቢያ ቡና ያቀረቡልን እናት እያሳሉ ሲያፈሉ አይተን «ታክመዋል ወይ?» ብንላቸው ሳቅ ብለው «ልጆቼ፣ ጉንፋን እኮ ነው፤ ለጉንፋን ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?» አሉን። እኚህ እናት በየትኛውም የቅኝት መዝገብ ላይ አይገኙም።

በቆላማው ክፍል ወባ ስላለ የስሙ ነገር ይበልጥ ይወሳሰባል። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ለወባ ይመረመራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ወባ ካልተገኘበት ግን ሕመሙ «የላይኛው መተንፈሻ አካል ሕመም» በሚለው ሰፊ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህ ዓምድ በአገራችን የተመላላሽ ሕሙማን መዝገቦች ከሁሉ ከሚበዙት አንዱ ሲሆን፣ በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እንደ ትልቅ ጎተራ ነው፤ ሁሉም ይገባበታል፣ የገባው ግን ምን እህል እንደ ሆነ አይታወቅም።

አራተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ከበሩ የሚርቁት ሰዎች ነገር ነው። በከፋ በደን ዳር የሚኖሩና በማኅበራዊ ኑሮ ከሌላው ተለይተው ብዙ ዘመን የተገፉ ወገኖች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ የማንጃ ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። ከሌላው ጋር በአንድ ወንበር ለመቀመጥ ለረጅም ዘመን ያልተፈቀደለት ሰው፣ ወረፋ ጠብቆ ስለ ሳሉ ለመናገር ይፈጥናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በሐኪም ቤት ደጅ ብቻ የሚቆጥር ቅኝት፣ ሳያስበው፣ በደጅ የቀረውን ሁለተኛ ጊዜ በደጅ ያስቀረዋል።

፭. ሊቀርቡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን ሦስት ተቃውሞ ሊያቀርቡብን ይችላሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው «ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና የሕፃናት የሳንባ ምች ባሉበት አገር ጉንፋን መቁጠር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። መልሳችን ይህ ነው። የሕፃናትን የሳንባ ምች ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ኢንፍሉዌንዛ ራሱ ነው፤ ነፍሰ ጡርንም ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። ክትባት አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የክትባቱን ዓይነት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሰሜኑና ለደቡቡ የምድር ክፍል፣ ለይቶ ያስታውቃል። በአገራችን ግን ይህ ክትባት ከመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልገባም። ይግባ ወይስ አይግባ፣ ቢገባስ በየትኛው ወር ይሰጥ ለሚለው ክርክር ማስረጃ ያስፈልጋል። ከምድር ወገብ አጠገብ ላለ እንደ ከፋ ላለ አገር የሰሜኑ ወቅት ይስማማል ወይስ የደቡቡ የሚለው በግምት የሚመለስ አይደለም። ያልተቆጠረ ሕመም በበጀት ጊዜ ጠበቃ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የቅኝቱ ዓላማ ቫይረሱን መያዝ ነው እንጂ ሕዝቡን መቁጠር አይደለም፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ቦታ ይበቃል» ይላል። ይህ ከፊል እውነት ነው። ከ1952 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው የላቦራቶሪዎች ማኅበር የሚፈልገው ቫይረሱን ነው፤ ለእርሱ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ጥቂት ናሙና ታላቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን የእኛ ናሙና ለዓለም ክትባት ጠቅሞ ክትባቱ ለእኛ ካልደረሰ፣ ነገሩ ቡናውን ሸጦ ገለባውን አፍልቶ እንደሚጠጣ ገበሬ ይሆንብናል። ከዚህም በቀር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የአገራችን የበሽታዎች ሪፖርት መመሪያ 13 በሽታዎች ወዲያውኑ፣ 7 በሽታዎች በየሳምንቱ እንዲነገሩ ሲያዝ፣ የወፍና አዲስ ዓለም አቀፍ ኢንፍሉዌንዛን ከመጀመሪያዎቹ ጋር መድቦአል። በየሳምንቱ ከሚነገሩት መካከል ግን የወትሮው ኢንፍሉዌንዛ አልነበረም። የወትሮውን ያላወቀ እንግዳውን በምን ይለየዋል? በአንድ ቀበሌ በጥቅምት ብዙ ሰው ቢተኛ፣ ይህ የየዓመቱ ነው ወይስ አዲስ መጥቶብናል ብሎ ለመናገር ያለፉትን ጥቅምቶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ከፋዩ አለ፤ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሰው ተብሎ የተቋቋመ ነውና በዚያ ማካፈል ይቻላል» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ግን የእቅድ ቁጥር ነው። ጤና ጣቢያው ሊያገለግለው የሚገባውን ሕዝብ ያመለክታል እንጂ በእርግጥ የሚመጣውን አያመለክትም። ሰው የሚቀርበውን ትቶ የሚያምነው ወዳለበት ይሄዳል፤ የግል ክሊኒክም፣ መድኃኒት ቤትም አለ። በእቅድ ቁጥር ያካፈልነው ውጤት መልኩ የእንግሊዙን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

፮. የተረሳው መዝገብ

እንግዲህ ከፋዩ ከወዴት ይገኛል? የሚያስገርመው ነገር፣ ያለው እጃችን ላይ መሆኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ፣ በአብዛኛው ሁለት ሠራተኞች ተመድበውበታል። እነዚህ ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ። በማኅደሩ ላይ የታመመውም ጤነኛውም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ስሙ አለ። ይህ የእንግሊዝ ሐኪም ከሚመካበት መዝገብ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ እንዲያውም ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር ወደ በሩ ያልመጣውንም ለማየት የተሻለ ዕድል አላት። ሐኪሙን ከውጭ አገር ስንኮርጅ፣ የሐኪሙን መዝገብ ለብቻው በጤና ኬላ አስቀምጠን ረሳነው።

ሥራውም ለሠራተኞቹ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። ከ2010ና 2011 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች ራሳቸው እንዲያክሙ ተፈቅዷል። ሰዓት ይዘው የሕፃኑን ትንፋሽ ይቆጥራሉ፤ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ወር ግን ያለፈው፣ በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው ይላሉ። የአንድን ሕፃን ትንፋሽ መቁጠር የቻለች ሠራተኛ፣ በመንደሯ ስንት ቤት በትኩሳትና በሳል እንደ ተኛ መቁጠር ያቅታታል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ መጠነኛ ነው። በከፋ ዞን ጥቂት ቀበሌዎች ይመረጡ፤ አንዱ ከአዲዮ ደጋ፣ አንዱ በቦንጋ ዙሪያ ካለው ከጊምቦ፣ አንዱ ከዴቻ ቆላ ቢሆን የአገሩን መልክ ይይዛል። በእነዚህ ቀበሌዎች ሠራተኛዋ በሳምንቱ ዙረቷ በደረሰችበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጨምር፤ «በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ በትኩሳትና በሳል የታመመ አለ?» የሚል ነው። በጥያቄው ውስጥ «ጉንፋን» የሚለው ቃል አይግባ፤ በአማርኛም በከፊኛም ሕመሙ በምልክቱ ይጠየቅ። የተጠየቀው ሰው ቁጥርና «አለ» የተባለው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ። ናሙና መውሰድ ግን የእርሷ ሥራ አይሁን። እርሱ በቦንጋ ባለው በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ከጥቂት ሕሙማን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ቢወሰድ ይበቃል። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት፣ አዲስ አበባም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ የጅማን መንገድና መኪናውን አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ጤና ኬላው ስንት ሰው እንደ ታመመ ይናገር፤ ሆስፒታሉ ምን እንዳሳመማቸው ይናገር። ሁለቱ ሲጋጠሙ እውነተኛ ቅኝት ይሆናል።

ይህ አሳብ ራሱ እንከን እንዳለው አንክድም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሸክም ከብዶአቸዋል፤ የሚሞሉት ቅጽ ብዙ ነው። ስሙን የማናነሣው አንድ ጤና ኬላ በሄድን ጊዜ ያነጋገርናት ሠራተኛ የመዝገቦቿን ቁልል አሳየችንና «ሌላ መዝገብ ልታመጡብኝ ከሆነ በሩ ያው ነው» ብላ ቀለደች። ጥቂት ዝም ብላ ግን «የምልከው ቁጥር ተመልሶ ምን እንደ ሆነ ቢነገረኝ እንኳ እጽፈው ነበር» አለችን። ከዚህ የበለጠ ትችት በሥርዓቱ ላይ እኛ ልንጽፍ አንችልም። ቁጥር ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን አይታይም። ስለዚህ አዲስ ጥያቄ ከመጨመሩ በፊት አንድ አሮጌ ቅጽ ይቀነስላት፤ በየወሩም የመንደሯ ውጤት በአንድ ገጽ ይመለስላት። ማኅደሩም ራሱ የሞተውን እየቀነሰ፣ የተወለደውን እየጨመረ በየጊዜው ካልታደሰ፣ በጫካ ዳር ያለውንም ቤት ካላካተተ፣ እኛ የተመካንበት ከፋይ እንደ ጤና ጣቢያው የእቅድ ቁጥር ባዶ ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለጓደኞቻችን እንናገር። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በክረምት ዕረፍት ወደ ገጠር እንመለሳለን፤ በቦንጋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ተማሪ በአንድ ቀበሌ፣ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር፣ የአንድ ክረምት ሳምንታትን ቢቆጥር ለመጀመሪያ ሙከራ ይበቃል። አያቶቻችን የኅዳርን በሽታ በጢስ አስበውታል፤ በዘመናቸው የነበራቸው እርሱ ነበርና አንፈርድባቸውም። ለእኛ ግን እርሳስና ማኅደር ተሰጥቶናል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከፋ በደረሰ ጊዜ «እስከ ይህን ያህል ሺህ ሰው ሳይሞት አልቀረም» ብለን እንዳንጽፍ፣ መቁጠሩን በወትሮው ጉንፋን እንድንጀምር እናሳስባለን።